ከማጭድ እስከ ማጨጃ መኪና
ስለ ሣር አጨዳ ሙያና ስለ ሥራ መኪና አሰነዳድ፤ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የአትክልት ክበብ ተማሪዎች ያቀረቡት ንግግር



በዚህ በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ክበባችን ጥቂት እንዲናገር ስለ ተፈቀደለት ደስታችን ታላቅ ነው። ሌሎች ክበቦች ስለ ታሪክና ስለ ሳይንስ ተናግረዋል። እኛ የመረጥነው ነገር ግን ሁላችንም በየቀኑ የምንረግጠው ሣር ነው። «ሣር ማጨድ ደግሞ ምን ትምህርት አለው? እረኛ ሁሉ የሚያውቀው አይደለምን?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛ ግን ሣር ማጨድ ዕውቀት፣ ሒሳብና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሙያ መሆኑን፣ ሙያውን በሚገባ የያዘም ሰው እንጀራ ሊበላበት እንደሚችል ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

ይህን ርእስ እንድንመርጥ ያስገደደን ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት በመላ ኢትዮጵያ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። እንግዲህ ከመቶው ተማሪ ዘጠና አምስት ያህሉ ወዴት ይሂድ? ከእኛ በፊት የነበሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንዳንዶቹ ወደ ከተማ ለቀን ሥራ ሄደዋል፤ አንዳንዶቹም በረሃ አቋርጠው ባሕር ተሻግረዋል። ወላጆቻችን ይህን ስንናገር ልባችሁ ምን እንደሚል እናውቃለን። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉና ትምህርትን እንተው አንልም። ነገር ግን ከቀለም ትምህርት ጋራ አንድ የእጅ ሙያ የያዘ ልጅ ፈተናው ቢያልፈውም ባያልፈውም ባዶ እጁን አይቀርም።

ለዚህስ ሥራ ፈላጊ አለውን? አለው። በአዲስ አበባ የአንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፣ የእንጦጦ ፓርክም በ2013 ዓ.ም. ተከፈቱ፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በኮሪደር ልማት ምክንያት በየጎዳናው ዳር ሣርና አበባ በብዛት ተተከለ። የተተከለ ሣር ደግሞ በየጊዜው ካልታጨደ ጫካ ይሆናል። ወደ እኛ ቀረብ ስንልም በሰቆታ የሆቴሎች፣ የመሥሪያ ቤቶችና የትምህርት ቤቶች ግቢ አለ። ከሁሉም በላይ በዋግ ተራሮች ከልቅ ግጦሽ ተከልለው እንዲያገግሙ የተተዉ ቦታዎች አሉ፤ በእነዚህ ቦታዎች ሣሩ ታጭዶ ወደ ከብቱ ይሄዳል እንጂ ከብቱ ወደ ሣሩ አይሄድም። ስለዚህ የከተማው ሰው ግቢው እንዲያምርለት፣ የገጠሩ ሰው በሬው እንዲጠግብለት ሁለቱም አጫጅ ይፈልጋሉ።

አጫጅ ከመሣሪያው አስቀድሞ ሣሩን ማወቅ አለበት። ሰርዶ መሬት ለመሬት እየሳበ የሚሄድ ስለ ሆነ አጥሮ ቢታጨድ ይችላል፤ ለግቢ መልካም የሚሆነውም ስለዚህ ነው። በዓለም ላይ «ኪኩዩ» ተብሎ የሚጠራውና በብዙ አገር ሜዳ ላይ የሚተከለው ሣር የትውልድ አገሩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው፤ ከውጭ የመጣ የሚመስለን ሣር የገዛ ምድራችን ልጅ ነው ማለት ነው። ሰንበሌጥ ግን ወደ ላይ የሚረዝም ስለ ሆነ ለክዳንና ለመኖ እንጂ ለግቢ ምንጣፍ አይሆንም። ለግቢ ሣር የታወቀው ደንብ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሢሶው በላይ አለመቁረጥ ነው። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር የደረሰ ሣር ወደ ስድስት ይወርዳል እንጂ ወደ ሁለት አይወርድም። ቅጠል የሣሩ ምግብ ማዘጋጃ ስለ ሆነ ብዙ ቅጠል ባንድ ጊዜ ከተቆረጠ ሥሩ ይደክማል፤ ሥሩ የደከመ ሣር ደግሞ እንደኛ አገር ባለ ዝናብ አጠር ምድር በጋውን አይሻገርም።

የመኖ ሣር ደንብ ሌላ ነው። አበባ ማውጣት ሲጀምር ቢታጨድ ቅጠሉ ለስላሳ፣ ለከብትም የሚስማማ ምግብ ያለበት ይሆናል። እስከ ኅዳር ቆሞ ዘሩን ካራገፈ በኋላ ቢታጨድ ክምሩ ትልቅ ቢመስልም የቀረው አገዳ ነው። ብዙ ጊዜ በአካባቢያችን ሣሩ የሚዘገየው በስንፍና ሳይሆን የሰብሉ ሥራ ስለሚቀድም ነው። ፈጠን ብሎ የሚያጭድ ባለሙያ ቢገኝ ጥቅሙ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ።

የመጀመሪያው መሣሪያ ሁላችንም የምናውቀው ማጭድ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ በድንጋያማና በገደላማ ስፍራ፣ በዛፍ ሥርና በአጥር ጥግ እርሱን የሚተካከለው የለም። ጉድለቱ ወገብን ማጉበጡና ሥራውን ማዘግየቱ ነው። ሁለተኛው ባለ ረጅም እጀታ ትልቅ ማጭድ ነው፤ አጫጁ ቆሞ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ያጭድበታል። ሞተር ሳይመጣ በፊት በአውሮፓ አንድ የለመደ አጫጅ በዚህ መሣሪያ በቀን አንድ ኤከር፣ ማለት 0.4 ሄክታር ያህል ያጭድ ነበር። ቤንዚን አይጠጣም፤ መለዋወጫም አይፈልግም፤ የሚፈልገው የመሳያ ድንጋይና የለመደ ክንድ ብቻ ነው። ለመኖ ሣር፣ ድንጋዩ ለተለቀመ ሜዳ ይህን መሣሪያ ከሁሉ አስቀድመን እንመርጣለን።

ሦስተኛው በእጅ የሚገፋው ማጨጃ መኪና ነው። ታሪኩ ደስ የሚያሰኝ ስለ ሆነ ባጭሩ እንንገራችሁ። በእንግሊዝ አገር በስትራውድ ከተማ ይኖር የነበረ ኤድዊን በዲንግ የተባለ መሐንዲስ፣ በሽመና ፋብሪካ የጨርቅን ጭገር የሚላጭ መሣሪያ አይቶ «ይህ ጨርቅን ከላጨ ሣርን ስለ ምን አይላጭም?» የሚል ሐሳብ መጣለት፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ባለ ቤንዚን ሞተር ማጨጃ በኢፕስዊች ከተማ ባለው በራንሰምስ ኩባንያ ተሠርቶ ለሽያጭ የቀረበው በ1902 ነው። የሸማኔን መሣሪያ አይቶ የሣር መሣሪያ መፍጠር የተቻለው ዓይንን ገልጦ በማየት መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያስተውል። ይህ በእጅ የሚገፋው ማጨጃ በተሽከርካሪ ስለቶቹና በአንድ ቋሚ ስለት መካከል ሣሩን እንደ መቀስ ይቆርጣል፤ ቁርጡ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን አጭርና ደረቅ ሣር፣ ለጥ ያለም መሬት ይፈልጋል። አንዲት ጠጠር ብትገባ ስለቱን ታጎድፈዋለች።

አራተኛው ባለ ሞተር ማጨጃ ነው፤ ከሥሩ አንድ ቢላ እንደ ወፍጮ መጅ እየተሽከረከረ ሣሩን በፍጥነት መትቶ ይቆርጣል። ረዘም ያለና ወጣ ገባ የሆነ ሣር ይችላል። አምስተኛው በትከሻ የሚንጠለጠለው ማጨጃ ሲሆን ለተዳፋት፣ ለቦይ ዳርና ለቁጥቋጦ ይጠቅማል። የዚህ ሞተር ብዙውን ጊዜ ዘይት ከቤንዚን ጋራ ተቀላቅሎ የሚሰጠው ነው፤ የፋብሪካው መመሪያ አንድ ለሃምሳ ካለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ዘይቱ የተረሳ እንደ ሆነ ሞተሩ ይነክሳል።

ባለ ሞተሩን ስንመርጥ ሦስት ነገሮችን እናስላ። አንደኛ ስፋቱ ነው። የመቁረጫው ስፋት 50 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሰውየው በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢራመድ በሰዓት 1,500 ካሬ ሜትር ያጭዳል፤ መዞሪያውና መደራረቡ ሲቀነስ 1,000 ይቀራል እንበል። እንግዲህ 105 በ68 ሜትር የሆነ የኳስ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ ሰባት ሰዓት ይፈጃል። ሰፊ ማጨጃ ሥራ ያፋጥናል፤ ነገር ግን በግቢው በር የማይገባ፣ ከዛፍ መካከልም የማይዞር ከሆነ ምን ይረባል? ስለዚህ ማጨጃ ከመግዛት በፊት የደንበኞችን በር በሜትር መለካት ብልኅነት ነው።

ሁለተኛ ኃይሉ ነው። በሸቀጡ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የሚነገረው በባሕር ወለል ላለ አየር ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 ከመቶ ያህል ያጣል። ሰቆታ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች 5 የፈረስ ጉልበት ብለን የገዛነው ማጨጃ እዚያ እንደ 4 ሆኖ ይሠራል። ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ ግን ኃይሉ ይመለስለታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ይህ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ባትሪውን የሚሞላ መብራት በማያስተማምንበት ስፍራ ከቤንዚኑ ይልቅ ሊያስቸግር ይችላል።

ሦስተኛ መለዋወጫው ነው። ካንዴላው፣ የአየር ማጣሪያው፣ ቢላውና የመነሻ ገመዱ በቅርብ ገበያ የማይገኝ ማጨጃ ምንም ቢያብረቀርቅ አይገዛ። በአቧራማ መንገዳችን የአየር ማጣሪያን በየቀኑ ማራገፍ ግድ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ አሁን የምንናገረውን በተለይ አድምጡን። ከማጨድ በፊት መሬቱን በእግር መዞር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሦስት ነው። መጀመሪያ ድንጋይ ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር 50 ሳንቲ ሜትር ቢላ ጫፉ በሴኮንድ 78 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እንዲህ ባለ ፍጥነት የተመታ ጠጠር ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ መነጽር፣ ጠንካራ ጫማና ረጅም ሱሪ ሳይለበስ ሞተር አይነሣ፤ ሕፃናትም ከአጠገብ ይራቁ። ሁለተኛው ፌስታል ነው። ሳይለቀም ከሣር ጋራ የተከተፈ ፌስታል በመኖው ውስጥ ይገባና በከብቱ ሆድ ውስጥ ይከማቻል፤ አይፈጭም፣ አይወጣም፣ በመጨረሻም ይገድላል። የአንድን ቤት ላም በፌስታል ገድሎ «ግቢ አጸዳሁ» ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው የሚያሳዝነው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን የነበረው ጦርነት ዋግንም ነክቷል። ጦርነት ያለፈበት ምድር ደግሞ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ በሣር ውስጥ ሊያስቀር ይችላል፤ እረኛና አጫጅም ከሁሉ ቀድሞ የሚያገኘው ነው። እንግዳ ብረት ያየ ሰው አይንካ፣ አያንሣ፣ በድንጋይ አይምታ፤ በመጣበት ዱካ ተመልሶ ሌሎችን ያስጠንቅቅ፣ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ያስታውቅ። ውጊያ በነበረበት ስፍራ ባለሥልጣን ሳያጣራው ማንም በገንዘብ ተታልሎ ማጨድ የለበትም። ገንዘብ ይመለሳል፤ እጅና እግር ግን አይመለስም።

ቀጥሎ መሣሪያውን በምን እንደምንጭን እንመልከት። ይህም እንደ አቅማችን ደረጃ በደረጃ ነው። ለጀማሪ አህያ ይበቃዋል፤ መኪና በማይገባበት ቀበሌ እንዲያውም ከመኪና ይበልጣል። ነገር ግን አህያ ከራሱ ክብደት ከሢሶ በላይ ባይጫን መልካም ነው፤ ጭነቱም ግራና ቀኝ እኩል ይሁን፤ የማጭዱ ስለት በጨርቅ ወይም በቆዳ ይሸፈን። ከዚያ በኋላ ጋሪ፣ ቀጥሎም ባለ ሦስት እግር የጭነት ባጃጅ ይመጣል። ሥራው ሲሰፋ ደግሞ ፒክአፕ ወይም መቀመጫው የወጣለት ሚኒባስ ለሥራ መኪና ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ወሰነ፣ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ማኅበር የገበያውን አዝማሚያ አይቶ መወሰን አለበት።

የሥራ መኪና ሲሰናዳ የሚከተለውን ሥርዓት እንመክራለን። አስቀድሞ ክብደቱን በወረቀት እንደምር። አንድ ባለ ሞተር ማጨጃ 35 ኪሎ፣ የትከሻው 8 ኪሎ፣ ሃያ ሊትር ቤንዚን 15 ኪሎ፣ አርባ ሊትር ውሃ 40 ኪሎ፣ አካፋው፣ ዶማው፣ መንሹና መቀሱ 40 ኪሎ፣ አራት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በ60 ኪሎ 240 ቢሆኑ ድምሩ 378 ኪሎ ነው፤ ገና ሣሩ አልተጫነም። እርጥብ ሣር ከክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውሃ ነው። 100 ኪሎ እርጥብ ሣር በፀሐይ ሲደርቅ ወደ 30 ኪሎ ይወርዳል። ስለዚህ ሣሩን እዚያው አድርቆ መጫን ለመኪናውም፣ ለነዳጁም፣ ለአህያውም ምሕረት ነው፤ እርጥቡ ተከምሮ እንዳይሻግትም ይጠቅማል።

ከዚህ በኋላ በሾፌሩና በዕቃው መካከል ጠንካራ የብረት መከላከያ በበያጅ ይሠራ፤ መኪናው ድንገት ሲቆም አካፋ ወደ ሰው አንገት እንዳይወረወር ነው። ከባዱ ዕቃ በወለሉ ላይ ከጎማዎቹ አካባቢ ይቀመጥ፤ በየጊዜው የሚፈለገው ከበሩ አጠገብ ይሁን። ፖርቶመጋላው ላይ ቀላል ነገር፣ ማለት ሸራና መሰላል ብቻ ይሰቀል፤ ከላይ የከበደ መኪና በጠመዝማዛ ቁልቁለት ይገለበጣል። ለያንዳንዱ መሣሪያ በግድግዳው ላይ ቦታ ይሠራለት፤ በቦታውም የመሣሪያው ሥዕል በቀለም ይሣል፤ ማታ ላይ ባዶ ሥዕል ከታየ ሜዳ ላይ የተረሳ ዕቃ አለ ማለት ነው። ቤንዚን በደንብ በሚከደን ዕቃ ሆኖ ሰው ከሚቀመጥበት ተለይቶ፣ አየር በሚያገኝ ስፍራ ታስሮ ይቁም፤ ሞተር እንደ ጋለ አይሞላ። ማጨጃውን ለማውጣት መወጣጫ ሳንቃ ያስፈልጋል፤ የመኪናው ወለል ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የሳንቃው ርዝመት ከ2 ሜትር ከ10 ባያንስ ይመረጣል፤ ያጠረ እንደ ሆነ ገፊው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በመጨረሻም የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን፣ ሞረድ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ኪያቬ፣ ትርፍ ካንዴላና ስኮርታ ጎማ ሳይያዝ ከደጅ አይወጣ።

ይህን ሁሉ አንድ ልጅ ብቻውን ሊገዛው አይችልም፤ ድር ቢያብር ግን አንበሳ ያስር። አራት ወይም አምስት ሆነን በዕቁብ ብንጀምር፣ በመጀመሪያው ዓመት በማጭድና በትልቁ ማጭድ ሠርተን ያገኘነውን ብናጠራቅም፣ ማጨጃው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይመጣል። ዋጋ ስንተምንም የመሣሪያውን ማርጀት እንቁጠር። ለምሳሌ ማጨጃው 30,000 ብር ቢገዛና 600 ሰዓት ቢያገለግል ለያንዳንዱ ሰዓት 50 ብር ለማጨጃው ተቀማጭ መሆን አለበት፤ ቤንዚኑና የሠራተኛው ድካም ከዚያ በላይ ነው። ይህን ያልቆጠረ ሰው ትርፍ አገኘሁ ሲል ማጨጃውን እየበላ መሆኑን የሚያውቀው ሲሰበርበት ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጆቻችሁ ሣር አጫጆች እንሁን ማለታችን ትምህርትን ንቀን እንዳልሆነ ተረዱልን። አሁን የነገርናችሁ ሁሉ፣ የሜዳው ስፋት፣ የአየሩ መሳሳት፣ የቢላው ፍጥነት፣ የሣሩ ውሃ፣ በዚሁ ትምህርት ቤት ከተማርነው ሒሳብ፣ ፊዚክስና ባዮሎጂ የተገኘ ነው። ከእናንተ የምንለምነውም ሥራ ስንጀምር «የተማረ ልጄ ማጭድ ያዘ» ብላችሁ እንዳታዝኑ ነው። መምህራኖቻችንንም የትምህርት ቤታችን ግቢ ለዚህ ሙያ መለማመጃ እንዲሆን እንጠይቃለን፤ የታጨደውም ሣር ተሽጦ ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ ይሁን።

ጓደኞቻችንም፣ «ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው» ይባላልና ከነገ ጀምሮ ማጭዳችንን ስለን እንገናኝ።  ትምህርት ቤታችን ይለምልም!